እጇ ላይ የቀረው ቀለም

ባለፈው ሳምንት ድዴ ቆስሎ አላስበላ ሲለኝ ከአስፋልቱ ማዶ ካለችው ፋርማሲ ጂቪ ገዛሁ። ያን በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ወይን ጠጅ መድኃኒት ማለቴ ነው። ቤት ገብቼ ክዳኑን ስፈታው ተፈናጥሮ አውራ ጣቴንና የእጄን ጀርባ አለበሰው። በሳሙና አሸሁት፤ በአመድ አሸሁት፤ በሎሚም ሞከርኩት። አልለቅ አለኝ። ሽታው ደግሞ አፍንጫዬ ውስጥ ተቀመጠ፤ ያን ሽታ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሸሽቼዋለሁ።

አንቺ የመጣሽው በማግስቱ ነው። በሩ ላይ ቆመሽ፣ ጫማሽን ልታወልቂ ጎንበስ ስትዪ፣ የአባትሽን ግንባር አየሁብሽ። አዲስ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥሽና፣ «እማማ፣ አባቴን የምናስታውስበት መጽሐፍ ልናሳትም ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ እየጻፉ ነው። እርስዎ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተማሪዎቹ አንዷ ነበሩ አሉ፤ የሚያስታውሱትን ይጻፉልኝ» አልሽኝ። ከዚያ እጄን አየሽ። «ምን ነካዎት?» አልሽ። «ቀለም ነው» አልኩሽ፤ ሻይ አቀረብኩልሽ፤ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

አባትሽ በዚህ ከተማ እንዴት እንደሚነሳ አውቃለሁ። በክፉው ቀን በእንግሊዝኛው ሰው ያዳነ ይሉታል። ከሮቢት እስከ ጎብዬ በየሠርጉና በየለቅሶው ሲሉት ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን አዎ ወይም አይ ብዬ አላውቅም። አሁን ግን ደብተር ሰጠሽኝ። የምጽፈውን አሳተምሽው ወይ ቀደድሽው፣ እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው።

አባትሽን ያወቅኩት ሰባተኛ ክፍል ስገባ ነው፤ በስልሳ ስድስት። የሰባተኛ ክፍል ትምህርት በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ የወደቀ በሁሉም ወደቀ ማለት ነው። አባትሽ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር። በዚያ አቧራ ውስጥ ክራባት ያስር ነበር። የቆቦ ንፋስ ጥቁር ጫማውን አቧራ ሲያለብስበት በመሐረብ ይጠርገዋል፤ ንፋሱ መልሶ ያለብሰዋል። ደብተር የሚያርመው በኮፒ እርሳስ ነበር፤ በደረቁ ሲጽፉበት ግራጫ፣ በምራቅ ሲያርሱት ወይን ጠጅ የሚሆነው ያ እርሳስ። ጫፉን በምላሱ እያስነካ ስለሚያርም የታች ከንፈሩ ሁልጊዜ ቀለም ነበረው። «ባለ ቀለሙ» እንለው ነበር። ይህን ሳትሰሚ አትቀሪም።

ጎበዝ መምህር ነበር፤ ይህን አልነሳውም። እንግሊዞች አንድ ትንሽ ግሥ ይወስዱና ከኋላው ሌላ ትንሽ ቃል ያስሩበታል፤ ከዚያ «ቱ» ብለው ለምን እንደሆነ ይናገራሉ። መጽሐፉ ይህን በሁለት ገጽ ሙሉ ሰንጠረዥ ነበር ያቀረበው፤ ማንም አልገባውም። አባትሽ መጽሐፉን ዘጋና ሰሌዳው ላይ ግመል ሳለ። ከአፋር በኩል ጨው ጭነው የሚመጡትን ግመሎች ሁላችንም እናውቃቸው ነበር። «ፊተኛዋ ግመል ግሡ ናት» አለ። «ጅራቷ ላይ የታሰረችው ሁለተኛዋ ያቺ ትንሿ ቃል ናት። ‹ቱ› ብሎ ከኋላ የሚመጣው ጭነቱ ነው። ጭነቱን ሳታዩ ግመሎቹ ለምን እንደሄዱ አታውቁም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ገባን። እስከ ዛሬ አንድ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ስሰማ ጭነቱን ነው የምፈልገው።

በጠመኔ የሚጽፋቸው ምሳሌዎች ሦስት ነበሩ፤ በዜማ እንላቸው ነበር። «ማይ ማዘር ጌትስ አፕ ቱ ኩክ»፤ እናቴ ልታበስል ትነሳለች። «ማይ ፋዘር ሴት አውት ቱ ቪዚት ሂዝ አንክል»፤ አባቴ አጎቱን ሊጠይቅ መንገድ ጀመረ። «ዊ ሲት ዳውን ቱ ኢት»፤ ልንበላ እንቀመጣለን። ሦስተኛዋ ላይ ስንደርስ ከኋላ ወንበር አንዱ ቀልደኛ፣ «የት ነው እሱ? እኛንም ጥሩን!» ይል ነበር። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። አባትሽም ከንፈሩን ነክሶ ይስቅ ነበር። ያ ቀልደኛ ከጥቅምት በኋላ መምጣት አቆመ። ማንም ስለ እሱ አልጠየቀም።

የእኛ ቤት በከተማው ዳር፣ በዞብል ተራራ በኩል ነበር። አባቴ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላ የሚያበቅል ሰው ነበር። ሁለት ዓመት ጎርፍ አልወረደም። መጀመሪያ ላሟ ሄደች፤ ቀጥሎ በሬዎቹ፤ ቀጥሎ የእናቴ አምባር። በመጨረሻ ለዘር ያስቀመጥነውን ማሽላ ፈጨነው። ዘሩ የተፈጨ ቀን አባቴ ደጅ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። በሳምንቱ ወደ አፋር ጥጥ ለቀማ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። «አብሽሩ፣ ለረመዳን እደርሳለሁ» አለ። አልደረሰም። የት እንደቀረ ዛሬም አላውቅም። ቤት የቀረነው እናቴ፣ እኔና አምስት ዓመት ያልሞላት እህቴ ነበርን። የምንበላው የቁርቁራ ዛፍ ፍሬ ነበር፤ እሱም እሾሁ ብቻ እስኪቀር ድረስ።

አባትሽ አንድ ቀን፣ «በተማራችሁት መንገድ የራሳችሁን ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ» አለ። እኔ ያየሁትን ጻፍኩ። አባቴ ሥራ ሊፈልግ መንገድ ጀመረ፤ አልተመለሰም። እናቴ ልታበስል ትነሳለች፤ የሚበሰል የለም። ሦስተኛዋን «ዊ ሲት ዳውን ቱ ዌይት» አልኳት፤ ልንጠብቅ እንቀመጣለን። ረጅም ጊዜ አሰብኩባት። እንግሊዝኛዬ የራሴን ነገር ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ በረሃብ ላይም ሆኜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደብተሩ ሲመለስልኝ ሦስቱም በወይን ጠጅ ተሰርዘዋል። በላያቸው የእሱ ሦስት ምሳሌዎች ተጽፈዋል፤ ጭነቱ ሁሉ ተለውጧል። ስህተቴ ምኑ ላይ እንደሆነ ልጠይቅ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

«ስህተት የለውም» አለኝ በዝግታ። በሩን አየ። «ደብተር ሰው ያየዋል። ከአውራጃ የመጣው ተቆጣጣሪ ዛሬ ከሰዓት ይገባል። በዚህ ወረዳ ረሃብ የለም ተብሏል።»

«ቲቸር፣ አለ እኮ።»

«አውቃለሁ አንቺ ልጅ! ዝም በይ።»

ከሰዓት ተቆጣጣሪው ገባ። አባትሽ ጎበዝ ተማሪውን ሊያሳይ እኔን ወደ ፊት ጠራኝ። «ዊ ሲት ዳውን ቱ ኢት» አልኩ። ክፍሉ ከኋላዬ ደገመው። እንደገና አስባለኝ፤ እንደገና ደገሙት። ተቆጣጣሪው ፈገግ ብሎ እስኪወጣ ድረስ፣ ከወጣም በኋላ ደወሉ እስኪደወል ድረስ፣ ልንበላ እንቀመጣለን ስንል ዋልን። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። እንዳልወድቅ ግድግዳውን ያዝኩ። አባትሽ አየኝ። አየኝና «ዋንስ ሞር» አለ፤ አንድ ጊዜ ድገሙት።

ረሃቡ ሊደበቅ የማይችልበት ቀን ደግሞ መጣ። ሰው ከየገጠሩ ወርዶ በአስመራ መንገድ ግራና ቀኝ ተኛ። አውቶቡስ ሲመጣ እናቶች ልጆቻቸውን ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ከዚያ በከተማው ጫፍ ድንኳኖች ተተከሉ፤ ነጮች መጡ። ረሃብ የለም ያለው ተቆጣጣሪ ጠፋ። አባትሽ አስተርጓሚ ተደረገ፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሌላ ማን ነበር? ጠዋት ያስተምራል፤ ከሰዓት ድንኳኖቹ በር ላይ ይቆማል፤ ያንኑ ክራባቱን አስሮ።

በሩ ሁለት ነበር። በአንደኛው ነጯ ነርስ ተቀምጣ ልጆች ትመርጣለች፤ ለሁሉም የሚበቃ ስላልነበረ የባሰባቸውን ብቻ። ለመረጠችው ጥጥ ጂቪ ውስጥ ነክራ በግራ እጁ ጀርባ ላይ ክብ ትስልለታለች። መጀመሪያ የመስቀል ምልክት ታደርግ ነበር አሉ፤ የእኛ እናቶች የልጆቻቸውን እጅ እየነጠቁ ሲሸሹባት ነው ወደ ክብ የለወጠችው። ክብ ያለው ልጅ በሁለተኛው በር ከእናቱ ጋር ገብቶ የወተት ገንፎ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። ክብ የሌለው ለሚቀጥለው ምርጫ ይጠብቃል።

እህቴን ልናስመርጥ የሄድነው ሰኞ ነበር። አሁን የምነግርሽን እኛ አገር ያደገ ሰው ብቻ ነው የሚረዳው። እናቴ ጠዋት ተነስታ የቀረችንን ውሃ በሙሉ ጨርሳ እህቴን አጠበቻት። እንግዳ ፊት፣ ያውም ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ፊት፣ የቆሸሸ ልጅ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ከጎረቤታችን ሴትዮ ለልጇ የዒድ ልብስ የነበረ እጀ ረጅም ቀሚስ ተዋሰች። ዱላ የመሰሉት ክንዶቿ ተሸፈኑ፤ የተነፋው ሆዷ ተሸፈነ። በጠርሙስ ግርጌ ከቀረች ዘይት ፊቷንና ፀጉሯን ቀባቻት፤ እህቴ አበራች። እናቴ ራቅ ብላ አየቻትና፣ «እስኪ ማሻአላህ በሉ» አለች። ወላሂ፣ በዚያ መንገድ ላይ እንደ እህቴ ያማረ ልጅ አልነበረም።

ሰልፉ ላይ ከፊታችን አንዲት አሮጊት ነበሩ። አባትሽን ከሩቅ እያዩ፣ «አንተ ባለ ክራባት! እሷ አንድ ቃል ስትናገር አንተ አሥር ትናገራለህ፤ ወይ ከኪስህ ትጨምራለህ ወይ ከእኛ ትሰርቃለህ!» አሉት። ሰው ሳቀ። «እማማ፣ ተራዎ ሲደርስ» አላቸው። «ተራዬማ ደርሷል ልጄ፤ መቃብሬን አስቆፍሬ ነው የመጣሁት» አሉት። አሁንም ሰው ሳቀ። በዚያ ጊዜም ይሳቅ ነበር፤ ይህንንም መጽሐፍሽ ላይ አስገቢው።

ተራችን ደረሰ። ነርሷ ልጅ እግር ነበረች፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። እህቴን አየች፤ ቀሚሱን አየች፤ የሚያበራውን ፊቷን አየች። ፈጥና አንድ ነገር ጠየቀች። አባትሽ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እንዴት ናችሁ? ልጅቷ እህል ከበላች ስንት ቀኗ ነው?» አላት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። «ደህና ነን። አላህ ያጣንበት ቀን የለም። ትናንትም በልተናል።»

ምን ልትል ኖሯል? ሃያ ሰው ከኋላዋ ቆሟል። ወንድ ፊት፣ ፈረንጅ ፊት፣ ልጆቼን ማብላት አቃተኝ ትበል? እንዲህ ያለ ነገር እናቴ ለእናቷ እንኳ አትናገርም ነበር። በእኛ አገር ሰው እንዲህ ሲል የሚሰማው ሰው ከንፈሩን አያይም፤ ጉንጩን ነው የሚያየው፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር የሚቻለውን ያደርጋል። አባትሽ የሁለት ዓመት የቆቦ ሰው ነበር፤ ይህንን ያውቃል። ይህንን ባያውቅ እንኳ ደብተሬን ያውቃል። አባቴ እንደወጣ፣ ቤታችን የሚበሰል እንደሌለ፣ ተቀምጠን የምንጠብቀው ምን እንደሆነ በራሱ እርሳስ ሰርዞታል።

አየኝ። ከዚያ እጁ ላይ ወዳለው ወረቀት ጎንበስ ብሎ ለነርሷ በእንግሊዝኛ እናቴ ያለችውን ተናገረ። ቃል በቃል። ደህና ናቸው፤ ትናንት በልተዋል።

ገባኝ። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ እንግሊዝኛው የገባው ለእኔ ብቻ ነበር። ነርሷ እጇን ወደ ቀጣዩ ሰው አነሳች። እናቴን ሰው ፊት ውሸታም ማድረግ እንደሆነ እያወቅኩ ወደ ፊት ወጣሁ። የተሰረዙትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በልቤ ደረደርኳቸው። ተቀምጠን እንጠብቃለን ልል አፌን ከፈትኩ፤ ነጯ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች፤ አባትሽም ቀና አለ። ልክ ክፍል ውስጥ ስሜን ሲጠራ እንደሚያየኝ አየኝ።

«ዊ ሲት ዳውን ቱ ኢት» አልኩ።

ምላሴ የለመደችውን አወጣች። ያን ከሰዓት ሙሉ የተባለውን። ልመልሰው ፈለግኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ያው ደግሞ መጣ። «ዊ ሲት ዳውን ቱ ኢት።»

ነርሷ በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ጉንጬን ነካችኝ። «ቬሪ ጉድ!» አለች። ወደ አባትሽ ዞራ አንድ ነገር ጠየቀችው። አባትሽ ክራባቱን ነካ አደረገና፣ «ማይ ስቱደንት» አለ። የእኔ ተማሪ ናት።

ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ። ያችን ቃል ግን አልቻልኩም።

እህቴ ክብ አልተሳለላትም። «ለሐሙስ ኑ» ተባልን። መንገድ ላይ እናቴ ከሦስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሄደች። «ምን አልሻት? ሳቀችልሽ እኮ! ከፈረንጅ ጋር ተናገርሽ እኮ!» አለችኝ። «ሰላም ነው ያልኳት» አልኳት። ለሰው ሁሉ አወራችው። ጎረቤታችን ገና ከመድረሳችን ቀሚሷን ልትወስድ መጣች፤ ቅማል ይገባበታል ብላ። «ልጅሽ ከፈረንጅ ጋር ከተናገረች ምን አነሰሽ?» አለች፣ ቀሚሱን ከእህቴ ላይ እያወለቀች። እሷም ሞታለች፤ አላህ ይማራት። ቀሚሱ ግን ተመልሶ ለማንም አልሆነም፤ ልጇም ከሁለት ሳምንት በላይ አልቆየችም።

ማክሰኞና ረቡዕ እህቴ ከምንጣፉ አልተነሳችም። ማልቀስ ካቆመች ቆይታለች፤ አሁን ዝንብ ማባረርም አቆመች። ሐሙስን እንደማትጠብቅ አየሁ። ረቡዕ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ደብተር ሰብስቤ አባትሽ ጠረጴዛ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። ኮፒ እርሳሱ እዚያ ነበር። ወሰድኩት።

እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። እህቴ አጠገብ ተቀምጬ እርሳሱን በምላሴ አረጠብኩ። መራራ ነበር፤ የብረት ጣዕም ነበረው። በግራ እጇ ጀርባ ላይ፣ በቆዳና በአጥንት መካከል ምንም በሌለበት ቦታ፣ ክብ መሳል ጀመርኩ። እየላስኩ፣ እየሳልኩ፣ እየላስኩ። ዓይኗን ገለጠች።

«ሒና ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሒና ነው።»

«ሙሽራ ነኝ?»

«ነሽ።»

ትንሽ አሰበች። «ሙሽራ ምን ትበላለች?»

«ገንፎ» አልኳት። «በወተት የተሠራ። በቀን ሦስት ጊዜ።»

እናቴ ስትመለስ ነርሷ በትምህርት ቤታችን በኩል ስታልፍ ጠርታኝ፣ ቤት ድረስ መጥታ ምልክቱን አድርጋላት ሄደች አልኳት። እናቴ እንስራውን አውርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። «በቋንቋሽ ነው» አለች። «በቋንቋሽ ነው ያዘነችልን። መምህርሽን አላህ ይጠብቀው።» እስክትሞት ድረስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በዱዓዋ ሁሉ አባትሽን ታነሳው ነበር። ጎኗ ቁጭ ብዬ አሚን እል ነበር።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት እናቴ እህቴን በጀርባዋ አዝላ ሁለተኛው በር ደረስን። አባትሽ ከዘበኛው ጋር ቆሟል። እያንዳንዱን እጅ እያየ ያስገባል። የእህቴን እጅ ከነጠላው ውስጥ አወጣ። ክቡን አየ። የነርሷ ክብ በጥጥ የተሳለ ወፍራም ነበር፤ የእኔ ቀጭንና ጠማማ። በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከንፈሬን አየኝ። ከንፈሬን ወደ ውስጥ ሰብስቤ ገጠምኩ፤ ግን ዘግይቼ ነበር። የታች ከንፈሬ ልክ እንደ እሱ ከንፈር ወይን ጠጅ ነበር። ሁለታችን ባለ ቀለም ሆነን ቆመን ተያየን።

«ምንድን ነው ቲቸር?» አለ ዘበኛው።

አባትሽ ዞሮ ወደ ድንኳኑ ውስጥ አየ። ነርሷ ከድንኳኑ ውስጥ ትታየኛለች፤ ጀርባዋን ሰጥታለች።

«ምልክት አላት» አለ። «ትግባ።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ሳልፍ በጆሮዬ በኩል፣ «እርሳሱን ነገ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጪ» አለኝ።

ይኸው። በዚህ ከተማ ስለ አባትሽ ልናገር ባስብ የሚመጣልኝ የሰኞው ነው። ዝም ስልም የሰኞው ዝምታ ነው። የረቡዑን ለማንም አልነገርኩም። እርሳሱን በማግስቱ መለስኩ፤ እሱም ከዚያ በኋላ የእኔን ዓረፍተ ነገር ሰርዞ አያውቅም። ግን ረቡዕ የቻለውን ሰኞ ለምን አልቻለም? ለአንድ ዘበኛ መዋሸት ካልከበደው፣ ለዚያች ነርስ፣ «እናትየዋ አፍራ ነው፤ ቀሚሱን ገልጠሽ እይ» ማለት ምን ከበደው? ሁለት ቀን ነው በመካከሉ ያለው። ሁለት ቀን ለአንቺ ምንም አይደለም። እኔንስ ያን ዓረፍተ ነገር ማን አስባለኝ? ይህን ጥያቄ በልቤ እሱን ነው ስጠይቅ የኖርኩት፤ ራሴን መጠየቅ ስላልፈለግኩ።

መንገድ ላይ በተገናኘን ቁጥር ባርኔጣውን አንስቶ፣ «እንዴት ነሽ ልጄ?» ይለኛል። አልመለስኩለትም። ሸበተ፤ ምርኩዝ ያዘ፤ አልመለስኩለትም። እናቴ ስትሞት ለቅሶ መጥቶ ሦስት ቀን ከምንጣፉ ጫፍ ተቀመጠ። ለሁሉም ውሃ ሳስታጥብ እሱን ዘለልኩት። በሦስተኛው ቀን ሊወጣ ሲል በሩ ላይ፣ «ያቺ ትንሿ ልጅ…» ብሎ ጀመረ። «የሚጠሩኝ ሰዎች አሉ» ብዬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣውን ያነሳል፤ ቃል ግን አይናገርም ነበር። ባለፈው ዓመት ሬሳው በደጄ ሲያልፍ መስኮቱን ዘግቼ ከውስጥ ቆምኩ። ምን ሊለኝ ነበር? አሁን ማንን ልጠይቅ?

እህቴ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ኖረች። ገንፎውን አቀረቡላት፤ ሆዷ አልተቀበለም። በማንኪያ ጫፍ ከንፈሯን ስንነካላት ትልሰዋለች፤ ትመልሰዋለች። ነርሷ ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ተንበርክካ ደረቷን አዳመጠች፤ ቀና ስትል አወቀችኝ። ያን ቀን የሳቀችልኝ ልጅ መሆኔን አወቀች። አንድ ነገር አለችኝ። ሰማሁ፤ ጭነቱን ግን አልያዝኩም።

ከድንኳኖቹ ኋላ ሁለት ሴቶች ሬሳ ያጥቡ ነበር፤ ከማን ወገን እንደሆኑ አላውቅም፤ ሥራቸው እሱ ብቻ ነበር። ውሃ ስለሌለ በትንሽ ጣሳ ይቆጥቡ ነበር። ፀሐዩ ከዞብል ራስ ላይ ገና መነሳቱ ነው። እህቴን አጥበው ከፈኑን ሊያለብሷት ሲሉ አንደኛዋ የግራ እጇን አየች። ሰው ከቆሻሻ ጋር አይቀበርም ብላ እጇን ያዘችና በጨርቅ ማሸት ጀመረች። ቆዳዋ ሊነሳ ምንም አልቀረው፤ ቀለሙ አይለቅም። ጣሳውን አዘንብላ የቀረችውን ውሃ አፈሰሰችበት። ክቡ ሲርስ ይበልጥ ደመቀ።

እናቴ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም። እህቴ ሙሽራ ነኝ ብላ ለእሷም ነግራት ኖሯል፤ መቼ እንደነገረቻት አላውቅም። እናቴ እጇን ዘርግታ የሴትዮዋን እጅ ያዘች።

«ተይው እታለም» አለቻት። «ሒናዋን አትፋቂባት።»